በ180 ጋሎን ገንዳ ውስጥ የትኞቹ ትልልቅ የጨው ውኃ ዓሦች አብረው ይኖራሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 180 ጋሎን የሚይዝ፣ ስድስት ጫማ ርዝመት ያለው የጨው ውኃ አኳሪየም አስገጥሜያለሁ። ውኃና ድንጋይ ገብቶበታል፤ ዓሣ ግን ገና የለበትም። ኮራል አልፈልግም። የምፈልገው ትልልቅና ደማቅ ዓሣ ነው፣ በተለይ የቀይ ባሕሮቹን። ዝርዝሬ ይኸውና፦ አንድ ላዮንፊሽ፣ አንድ ኤምፐረር ኤንጅል፣ አንድ ሶሃል ታንግ፣ አንድ ፒካሶ ትሪገር፣ አንድ ዶግፌስ ፓፈር፣ አንድ ስኖውፍሌክ ኢል፣ ለልጆቼ ደግሞ ሁለት ክላውንፊሽ። ሻጩ ‹ሁሉም ገና ትንንሽ ናቸው፤ ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው፤ በአንድ ቀን ብታስገባቸው ይለማመዳሉ› ብሎኛል። ገንዳውን ለማስጀመርም አራት ዳምሰልፊሽ እንድወስድ መክሮኛል። ይስማማሉ ወይ? የቱስ ይቅደም?»

ምላሽ፦ አይስማሙም። የዘረዘሯቸው የአንድ ሳይሆን ቢያንስ የሦስት ገንዳ ዓሦች ናቸው። ከሰባቱ ዓይነት በእርስዎ ገንዳ ዕድሜ ልካቸውን በሰላም አብረው መኖር የሚችሉት ኢሉና ክላውንፊሾቹ ብቻ ናቸው። ዓሣ ሳያስገቡ መጠየቅዎ ብዙ ድካም ያድንዎታል፤ ድንጋይ ከተደረደረበት ገንዳ ውስጥ አንድ ጠበኛ ዓሣ አጥምዶ ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩን በሙሉ ማፍረስ ግድ ይላል።

በመጀመሪያ «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚለውን እንተወው። ጠባብ ቦታ የዓሣን ዕድገት የሚያዘገየው በተበከለ ውኃ፣ በጭንቀትና በእንቅስቃሴ ማጣት እየጎዳው ነው። ከዚያ የሚገኘው ትንሽ ግን ጤነኛ ዓሣ አይደለም፤ ጀርባው የጎበጠ፣ የፊቱ ቆዳ የተበሳሳና ዕድሜው ያጠረ ዓሣ ነው። ሱቅ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያዩት ላዮንፊሽ በአንድ ዓመት ገደማ 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ በመጨረሻም 38 ሊደርስ ይችላል። ኤምፐረር ኤንጅልና ሶሃል ታንግ እስከ 40፣ ዶግፌስ ፓፈር እስከ 33፣ ፒካሶ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። እባብ መሰሉ ስኖውፍሌክ ኢል በቤት ውስጥ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚውል ስለሆነ ርዝመቱ እንደ ሌሎቹ አያሳስብም።

የእርስዎ ገንዳ 183 በ61 በ61 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሒሳብ 680 ሊትር ያህል ይይዛል። አሸዋና ድንጋዩ ቦታ ሲወስዱ የሚቀረው ውኃ ከ600 ሊትር በታች ነው። ለትልልቅ ዓሦች ግን ከሊትሩ በላይ የሚወስነው ከፊት መስታወት እስከ ኋላ ያለው ስፋት ነው። ከ61 ሴንቲ ሜትሩ ላይ የድንጋዩን ውፍረት ሲቀንሱ ለመዋኛ የሚተርፈው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኤምፐረር እዚያ ውስጥ ሰውነቱን ሳያጥፍ መዞር አይችልም። ለኤምፐረር ቢያንስ ስምንት ጫማ ርዝመትና ከ75 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ገንዳ ያስፈልገዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ነጭ ቀለበት ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ጫጩት ነው፤ ደንበኛው ያ ጫጩት ቀለሙን ለውጦ ቢጫ ሰንበር ያወጣ ትልቅ ዓሣ እንደሚሆን የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ጠባያቸው እንምጣ። ላዮንፊሽ ጠበኛ አይደለም፤ ማንንም አያሳድድም፣ ክልልም አይከላከልም። ችግሩ አፉ ነው። የራሱን ርዝመት እኩሌታ የሚደርስ ዓሣ መዋጥ ይችላል። ሲመሽ ሰፋፊ ክንፎቹን ዘርግቶ የሚያድነውን ዓሣ ቀስ እያለ ወደ ጥግ ይገፋና አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውኃው ይስበዋል። ክላውንፊሾቹን እሱ ባለበት ገንዳ ማስገባት ለእሱ እራት ማቅረብ ማለት ነው፤ ዛሬ ባይበላቸው ከስድስት ወር በኋላ አፉ ሲሰፋ ይበላቸዋል። ላዮንፊሽ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ደግሞ ተጠቂው ራሱ ነው። እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ እንደ ነጠላ ዘርፍ የሚንጠለጠሉት የክንፎቹ ጫፎች ለማንኛውም ባለጥርስ ዓሣ የሚፈትኑ ናቸው፤ ፓፈርና ትሪገር ጫፍ ጫፉን እየቀነጠሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጥንቱ ብቻ እንዲቀር ያደርጉታል። የቆሰለው ክንፍ በባክቴሪያ ይመረዛል፤ ዓሣው መብላት ያቆማል። የላዮንፊሽ መርዝ ከዚህ አያድነውም፤ እሾሁ የሚያገለግለው ሊውጠው ለሚመጣ ትልቅ ዓሣ እንጂ ከኋላ መጥቶ ክንፉን ለሚነክስ አይደለም።

ትሪገርፊሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥርሱ የባሕር ጃርትና ዛጎል ለመስበር የተሠራው ዓይነት አለ፤ ውኃ መካከል እየዋኘ ተንሳፋፊ ጥቃቅን እንስሳትን የሚለቅመውም አለ። ፒካሶና የቀይ ባሕር የቅርብ ዘመዱ አሳሲ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። አሸዋ ይቆፍራሉ፣ ድንጋይ እየነከሱ ያፈናቅላሉ፣ አንድ ጥግ የራሳቸው አድርገው እጅዎን ሳይቀር ይነክሳሉ። ከክላውን ትሪገርና ከአንዱሌት ትሪገር ጋር ሲነጻጸሩ ግን ገር ናቸው። እነዚያን ሁለቱን በጋራ ገንዳ ውስጥ በምንም ዋጋ እንዳይገዙ እመክራለሁ፤ ለዓመት ያህል ጨዋ መስለው ቆይተው አንድ ሌሊት የገንዳውን ዓሦች በሙሉ የገደሉበት ሁኔታ በዓሣ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከሁለተኛው ወገን ያሉት፣ ብሉትሮት፣ ክሮስሃችና ናይጀር ትሪገር፣ በጥርሳቸው ሳይሆን በፍጥነታቸው ስለሚኖሩ ለጋራ ገንዳ የተሻሉ ናቸው።

ዶግፌስ ፓፈር ያየውን ነገር ሁሉ ሳይነክስ አያልፍም። የሌላ ዓሣ ጅራት፣ የማሞቂያ ሽቦ፣ የፓምፕ ላስቲክ ሁሉ ይቀምሳል። ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ ስለሚመጣ ሰው ይወደዋል፤ እኔም አይገባም የምለው ጠልቼው ሳይሆን ከሱ ጋር የሚኖሩትን ዓሦች ለእሱ ሲባል መምረጥ ስለሚያስፈልግ ነው። ጥርሱ ሳያቋርጥ ስለሚያድግ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከነዛጎሉ ክላም ወይም ከነልባሱ ሽሪምፕ ካልተሰጠው አፉ ይዘጋል። ቆሻሻውም ብዙ ነው፤ አንድ ትልቅ ፓፈር የሚያመነጨውን አሞኒያ ለመሸከም ማጣሪያዎ የሌሎች ሁለት ዓሦችን ቦታ ይለቅለታል።

ከዝርዝርዎ ውስጥ እኔን ከላዮንፊሹ በላይ ያሳሰበኝ ሶሃል ታንግ ነው። ብዙ ሰው አልጌ የሚበላ ዓሣ ሁሉ ሰላማዊ ይመስለዋል። ሶሃል በቀይ ባሕር ማዕበል በሚመታው የኮራል አለት ጫፍ ላይ የራሱን የአልጌ ማሳ ይዞ ሌላ ዓሣ እንዳይነካበት ቀን ከሌት የሚከላከል ፍጡር ነው። ጅራቱ ሥር በሁለቱም ጎን ስለት አለው፤ በጎን ተጠግቶ ሲመታ የሌላውን ዓሣ ቆዳ ይሰነጥቃል። ስድስት ጫማ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ሁሉ «ማሳው» ይሆናል። በሺህ ሊትሮች በሚለካ ገንዳ ውስጥ ግሩም ዓሣ ነው፤ በእርስዎ ገንዳ ውስጥ ግን ብቻውን ቢኖር እንኳ ይጠብበታል።

ሻጩ «በአንድ ቀን አስገባቸው» ያለው ግማሽ እውነት አለበት። አብረው የገቡ ዓሦች ቀድሞ ክልል የያዘ ስለሌለባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥላቸው ያነሰ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ገንዳውን ይገድላል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ብዛታቸው የሚመጠነው ቀድሞ ባለው ቆሻሻ ልክ ነው፤ ስድስት ትልልቅ ዓሦች በአንድ ቀን ሲገቡ አሞኒያው በሁለት ቀን ውስጥ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ከስድስቱ አንዱ ተውሳክ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይታመማሉ።

ዳምሰልፊሾቹንም አይውሰዱ። ገንዳ የሚጀመረው በዓሣ ሥቃይ መሆኑ የቀረ አሠራር ነው፤ ደግሞም ለማስጀመሪያ ብለው ያስገቡት ዶሚኖ ዳምሰል 14 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከሱ በኋላ የገባውን ሁሉ የሚያሳድድ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። በምትኩ ለአኳሪየም የሚሸጥ አሞኒየም ክሎራይድ ይግዙና የአሞኒያው መጠን በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪሆን ይጨምሩ። በጠርሙስ የሚሸጥ ሕያው ባክቴሪያ ካከሉበት ሥራው ይፋጠናል። በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት (ባክቴሪያዎቹ ከአሞኒያ የሚሠሩትን ሌላ መርዝ) ይለኩ። 2 ሚሊ ግራም ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ገንዳው ለመጀመሪያዎቹ ዓሦች ዝግጁ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል።

እንግዲህ ለገንዳዎ የምመክረው ይህንን ነው፦ ሁለት የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ፣ አንድ ፎክስፌስ (አልጌ የሚበላ ቢጫ ዓሣ)፣ ሁለት ሴሚላርቫተስ ቢራቢሮ ዓሣ፣ አንድ ስኖውፍሌክ ኢል፣ አንድ ብሉትሮት ትሪገር፣ አንድ ፐርፕል ታንግ። ስምንት ዓሣ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ አይጨምሩ።

ሴሚላርቫተስ የሚገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው፤ ሙሉ ቢጫ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ያለበት፣ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚያድግና በተፈጥሮውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖር ነው። ቢራቢሮ ዓሦች በጥቅሉ ለማላመድ የሚያስቸግሩ ቢሆኑም ይህኛው ከጠንካሮቹ መካከል ነው። ለኤምፐረሩ ምትክ አድርገው ይያዙት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በረጅሙ ገንዳ ሲመላለሱ ማየት ጥግ ላይ ከሚጨናነቅ አንድ ኤምፐረር እጅግ ይሻላል። ፐርፕል ታንግም የቀይ ባሕርና የአካባቢው ዓሣ ነው፤ ሐምራዊ ሰውነትና ቢጫ ጅራት አለው፣ ከ22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለማያልፍ የሶሃልን ቦታ በልኩ ይሸፍናል። የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽ ሁለት ነጭ ሰንበር ያለው፣ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ከተለመደው ብርቱካናማ ክላውንፊሽ የሚበልጥ ዓይነት ስለሆነ ከትልልቆች መካከል አይጠፋም። ፎክስፌስና ብሉትሮት ቀይ ባሕር ውስጥ አይገኙም፤ ለገንዳው ሰላም የሚሰጡት ጥቅም ግን ከትውልድ ቦታቸው ይበልጣል። ትሪገሩም የግድ ከቀይ ባሕር ይሁን ካሉ ናይጀር ትሪገር አለ፤ ግን ከብሉትሮት ይበልጣል፣ ሲጎለምስም ጠባዩ የሚከፋ አንዳንድ አለ።

ሱቅ ውስጥ ሲመርጡ ሻጩ ዓሣውን ፊትዎ እንዲመግብ ይጠይቁ። የማይበላ ቢራቢሮ ዓሣ ቅናሽ ቢደረግበትም አይግዙ። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ጀርባው የሰመጠ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዕረፍት ላይ ሆኖ እያለከለከ የሚተነፍስ ወይም አንዱን ስንጥብ ዘግቶ በሌላው ብቻ የሚተነፍስ ዓሣ ታሟል። ለቢራቢሮ ዓሦቹ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ለታንጉ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥሩ መጠን ነው።

ማንኛውም ዓሣ ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ለይቶ ማቆያ ውስጥ ይቆይ። ይህ ልዝለለው የሚሉት ደረጃ አይደለም። በዘርፉ ኢክና ቬልቬት የሚባሉት ሁለት ጥገኛ ተውሳኮች ዋናው ገንዳ ከገቡ በኋላ ለማጥፋት ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ማከም፣ ገንዳውንም ያለ አንድ ዓሣ ማቆየት ያስፈልጋል፤ የተለመደው ጊዜ 76 ቀን ነው። ቬልቬት ከሆነ ደግሞ ምልክቱን አይተው መድኃኒት እስኪገዙ ዓሦቹ ሊያልቁ ይችላሉ። ለይቶ ማቆያው ቀላል ነገር ነው፦ 40 ጋሎን አካባቢ የሚይዝ ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ባክቴሪያ የለመደ የስፖንጅ ማጣሪያና ለመደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ። አሸዋና ድንጋይ አይገባበትም፤ መድኃኒቱን ይመጥጣሉ። ለማከሚያ የሚያገለግለው ኪሌትድ ኮፐር የሚባለው የመዳብ መድኃኒት ነው፤ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ በሊትር 2.0 ሚሊ ግራም ያድርሱትና ለ30 ቀን እዚያው ላይ ያቆዩት። በየሁለት ቀኑ ይለኩ፤ ከልኩ ዝቅ ካለ ተውሳኩ ይተርፋል፣ ከ2.5 ከዘለለ ዓሣው ይመረዛል። ኮፐር ባለበት ውኃ ውስጥ አሞኒያ የሚያስር ኬሚካል በጭራሽ አይጨምሩ፤ ከኮፐሩ ጋር ተዋሕዶ ገዳይ ያደርገዋል። አሞኒያ ከታየ ውኃውን ይቀይሩና የተቀየረውን ያህል ኮፐር ይተኩ። ኢሉ በእነዚህ ተውሳኮች ብዙም የማይጠቃ ስለሆነ ያለ ኮፐር ለአራት ሳምንት እየበላ መሆኑን እያዩ ብቻ ይጠብቁት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ክላውንፊሾቹና ፎክስፌሱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ቢራቢሮ ዓሦች፣ ቀጥሎ ኢሉ፣ ከዚያ ትሪገሩ፣ በመጨረሻ ታንጉ። በየመካከሉ አንድ ወር ያህል ይኑር፤ ማቆያው ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ራሱ ይህንን ክፍተት ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው ትሪገሩ መጨረሻ ይግባ ይላል። በዚህ ዝርዝር ግን ክልል የሚይዘው ታንጉ ነው። የታንጉ ጥል የሚያተኩረው ቅርጹን በሚመስሉ ዓሦች ላይ ስለሆነ፣ ጠፍጣፋና ክብ የሆኑት ቢራቢሮ ዓሦች ሳይደላደሉ ከገባ ዕረፍት አይሰጣቸውም።

ትሪገሩንና ታንጉን በቀጥታ አይልቀቋቸው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን በገንዳው ውስጥ ይስቀሉና አዲሱን ዓሣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን እዚያ ያቆዩት፤ ነባሮቹ ያዩታል፣ ይሸቱታል፣ ግን አይነክሱትም። ነባሮቹ ሣጥኑን ማጥቃት ትተው መደበኛ ኑሯቸውን ሲቀጥሉ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ይልቀቁት። ከመልቀቅዎ በፊት ሁለት ሦስት ድንጋይ ቦታ ቢያዛውሩ ነባሮቹም ክልላቸውን እንደ አዲስ መፈለግ ስለሚጀምሩ የመጤው ሸክም ይቀላል።

ድንጋዩን በኋለኛው መስታወት ላይ እንደ ግድግዳ ከደረደሩት አሁኑኑ ይፍረስ። በሁለት የተለያዩ ክምሮች ይክፈሉትና ከገንዳው ርዝመት ቢያንስ ግማሹ ክፍት ይሁን። ክምሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አንዱ ዓሣ ከሌላው ዓይን የሚሰወርበት ነው። ድንጋዩ የሚቀመጠው በታችኛው መስታወት ላይ ነው፤ አሸዋው ዙሪያውን ይፈስሳል። አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ኢሉ ከሥሩ ሲቆፍር ይናድና መስታወት ይሰብራል፣ ወይም ኢሉን ይጫነዋል።

ስኖውፍሌክ ኢል ቤት ውስጥ የሚሞትበት ትልቁ ምክንያት በሽታ ሳይሆን ማምለጥ ነው። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ለእሱ በር ነው። ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው የፕላስቲክ መረብ ይክደኑ። ሙሉ የመስታወት ክዳን አየር ስለሚያፍን አልመርጠውም። ውኃ ወደ ታችኛው ማጣሪያ የሚወርድበትን ሳጥን ጥርሶችም በመረብ ይሸፍኑ፤ ብዙ ኢል የሚገኘው እዚያ ገብቶ ነው። የጀርባ ቱቦዎች የሚያልፉበትን ክፍተት በስፖንጅ ይድፈኑ። ማሞቂያዎቹ፣ ሁለት ባለ 300 ዋት ይሁኑ፣ በታችኛው ማጣሪያ ውስጥ ይቀመጡ፤ ትሪገር ያለበት ገንዳ ውስጥ የመስታወት ማሞቂያና የተንጠለጠለ ሽቦ አይኖርም። ሁለት የሚሆኑት አንዱ ተበላሽቶ በርቶ ቢቀር ብቻውን ውኃውን ማፍላት እንዳይችል ነው።

ስለ ውኃው አጭር ልሁን። የሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧ ውኃ የሚታከመው አብዛኛውን ጊዜ በክሎራሚን ነው፤ ኬሚካሉንና ማዕድኑን ከውኃ በሚያስወግደው በአር.ኦ.ዲ.አይ ማጣሪያ ያላለፈ ውኃ አይጠቀሙ። ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ይህንን ለመምሰል አይሞክሩ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ዓሦች ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ጨው ለምደዋል፤ በሊትር ከ33 እስከ 35 ግራም፣ በሪፍራክቶሜትር ተለክቶ፣ በቂ ነው። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሁን። ስኪመሩ፣ ቆሻሻን በአረፋ ከውኃ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ቢያንስ 1,200 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ የተሠራ ይሁን፤ ሥጋ በል ዓሣ ያለበት ገንዳ ስኪመሩ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሠራም። በየሁለት ሳምንቱ 100 ሊትር ይቀይሩ፤ ለዚህ 3.8 ኪሎ ግራም ያህል የአኳሪየም ጨው ይፈጃል። ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ፣ ለቢራቢሮ ዓሦቹ ሲባል ደግሞ ወደ 20 ቢቀርብ ይመረጣል።

አመጋገባቸው የጠባያቸው ግማሽ ነው፤ የተራበ ታንግ ጠበኛ ታንግ ነው። ለታንጉና ለፎክስፌሱ በየቀኑ ግማሽ ቅጠል ኖሪ (የደረቀ የባሕር አልጌ)፣ ቅመምና ዘይት ያልነካው፣ በመቆንጠጫ መስታወቱ ላይ ይስቀሉ፤ ከተጣሉ በሁለት ጥግ ሁለት ይስቀሉ። ለቢራቢሮ ዓሦቹ፣ ለክላውንፊሾቹና ለትሪገሩ በረዶ የሆነ ማይሲስ ሽሪምፕና የተከተፈ ክላም በቀን ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይስጡ። ኢሉን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሽሪምፕና ስኩዊድ በረጅም መቆንጠጫ ይዘው፣ ለሌሎቹ ከሰጡ በኋላ ይመግቡት። ዓይኑ ደካማ ነው፤ በማሽተት ስለሚመጣ ጣትዎን ከሽሪምፑ አይለይም። በርካሽ የሚሸጡትን ሕያው ጎልድፊሽ ለማንኛውም የባሕር ዓሣ አይስጡ። የሚያስፈልገው የባሕር ስብ የላቸውም፣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፣ ለረጅም ጊዜ ሲበሉ ጉበት ይጎዳሉ።

ላዮንፊሹን መተው አልችልም ካሉ ገንዳው የሱ ይሁን፦ አንድ ላዮንፊሽ፣ ስኖውፍሌክ ኢሉ፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ፎክስፌስና አንድ ሃርለኪን ተስክ የሚባል ዓሣ። ትሪገርም፣ ፓፈርም፣ ክላውንፊሽም አይኖርም። ላዮንፊሹን በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ ይመግቡት፤ ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል፣ ከልክ በላይ ወፍሮ የሚሞተው ግን ብዙ ነው። ቢሰለችዎ ወይም ቢያድግብዎ ወደ ሱቅ ይመለስ እንጂ ወደ ባሕር አይለቀቅ። ይህ ዓሣ የአትላንቲክ ተወላጅ አይደለም፤ ፍሎሪዳ ዳርቻ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከታየ በኋላ የካሪቢያንን የኮራል አካባቢ ወርሮ ትንንሾቹን ዓሦች እየጨረሰ ነው። ፍሎሪዳም ሕያው ላዮንፊሽ ማስገባትን በ2014 ከልክላለች።

ልጆች ቤት ውስጥ ስላሉ አንድ ነገር ይወቁ፦ የላዮንፊሽም የፎክስፌስም የጀርባ እሾህ መርዛም ነው። እጅ ሲገባ ፎክስፌሱ የት እንዳለ አንድ ሰው እያየ ይሁን፤ ዓሣውንም በመረብ ሳይሆን በፕላስቲክ ሣጥን ያንሱት፤ እሾሁ መረብ ላይ ይጣበቃል። እሾህ የወጋው ሰው ቁስሉን ከ43 እስከ 45 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከር፤ ሙቀቱ የመርዙን ፕሮቲን ያፈርሰዋል። ሙቀቱን ያልተወጋ ሰው በእጁ ይፈትነው፤ የተወጋው በሕመሙ ምክንያት መቃጠሉ ላይሰማው ይችላል። መተንፈስ ካስቸገረው፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያው 911 ይደውሉ።

ታንጉ ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት መሳደድና ጎን ለጎን ሆኖ ጅራት መወርወር ይኖራል፤ የሚቀንስ ከሆነ ጣልቃ አይግቡ። ክንፍ ከተቀደደ፣ አንዱ ዓሣ ምግብ ሲመጣ ከተደበቀበት ካልወጣ፣ ወይም የውኃው ወለል ጥግ ላይ ተለጥፎ ከዋለ ግን አይጠብቁ። ወደ ግልጽ ሣጥኑ የሚመለሰው ተጠቂው ሳይሆን አጥቂው ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን እዚያ ሲቆይ ክልሉን ያጣል። ታንጉ ከሆነ ከገንዳው ውጭ አንድ ጫፍ ላይ የፊት ማያ መስታወት ይለጥፉለት፤ ከራሱ ምስል ጋር ሲፋጠጥ ሌሎቹ ይበላሉ። ከሁለት እንዲህ ያለ ሙከራ በኋላ ካልተለወጠ ታንጉ ይውጣ፤ ቢራቢሮ ዓሦቹ ይቆዩ።